የጦሳ ኬብል መኪናና የአቶ ኑርዬ ቦይ

ደሴ ከተማ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቁም ነገር የሚያወራ ሰው አይገኝም። ሁሉም ለመደሰት ይጣደፋል። ዳቦ ጋጋሪው ደስታውን የሚለካው የእጁ አምባር ስድሳ ካላሳየ ምድጃው አይለኮስለትም። ሹፌሩ ስድሳ ካልሞላ መኪናው አይነሳለትም። አስተማሪውም ስድሳ ካልሞላ የክፍሉ በር አይከፈትለትም። ስለዚህ ፒያሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቀልድ ነጋሪዎች ይዞራሉ። ሰልፈኛው አንድ ዓይኑን አምባሩ ላይ ተክሎ ይስቃል፤ ስድሳ ሲሞላለት ሳቁን ቀጥ አድርጎ ይሳፈራል። ቀልዱ ገና መሀል ላይ ቢሆንም ግድ የለውም።

ሕጉ ከወጣ አሥር ዓመት ሆነው። ምክንያቱን ሕፃናት እንኳ በቃላቸው ይሉታል፤ ደስ ያለው ሰው ራሱን ይገዛል፣ ሐሳቡን ይሰበስባል፣ ቶሎ አይቆጣም፣ ከእራት በኋላ ማቀዝቀዣ ከፍቶ የተረፈ ወጥ አይጨርስም። የከፋው ሰው ግን የማያደርገው የለም። እኔ ራሴ በአርባ ሦስት ደስታ ማቀዝቀዣዬን ልከፍት ሞክሬ እጀታው እጄ ላይ ቀርቷል።

ደስታ ሲበዛም ችግር ነው። ከሰማንያ አምስት በላይ ያለው ፈንጠዝያ ይባላል። የፈነጠዘ ሰው ዓይኑ ዙሪያውን ሁሉ ያያል፣ እግሩ ሥር ያለውን ግን አያይም ይላሉ አዋቂዎቹ። የከተማው ቡድን ዋንጫ የበላ ዕለት ደሴ ሁለት ቀን ሙሉ ቆመች። ታክሲ የለ፣ ዳቦ የለ። አንድ የጥርስ ሐኪም ጎሉ ሲገባ መንቀያው ተቆልፎበት ታካሚው አፉን እንደከፈተ እስከ ማግስቱ ተቀምጧል። ታካሚውም የዚያው ቡድን ደጋፊ ስለነበር ቅር አላለውም አሉ።

እኔ ይመር አበጋዝ እባላለሁ። ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ ጫፍ የሚወጣውን የኬብል መኪና የምነዳው እኔ ነኝ። ነዳጅ የለውም፣ መሪ የለውም። ላይኛው ጣቢያ ያለችው መቆጣጠሪያ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማንሻውን ወደ ፊት እገፋለሁ፣ ሰው የጫነው ሳጥን በገመዱ ላይ ጉም እየሰነጠቀ ይመጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ አንድ ሰው አልተቧጨረብኝም። ይህን ያደረግሁት ደግሞ በደስታ አልነበረም። ከተፈጠርሁ ጀምሮ ፊቴ የተቀየመ ሰው ፊት ነው። ሕጉ ሲወጣ አለቆቼ አዘኑልኝ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተባራሪዎች አንዱ ይሆናል ብለው የመሸኛ ንግግር ሁሉ አዘጋጅተው ነበር።

እኔ ግን በየጠዋቱ ሰባ አንድ እያስመዘገብሁ ገባሁ። አንድም ቀን ከሰባ አንድ ዝቅ፣ አንድም ቀን ከሰባ አንድ ከፍ አላልሁም። ማንሻውን ከመንካቴ በፊት ወይዘሪት ትኩረት የምንላት የማሽኑ ድምፅ ሁለት ጥያቄ ትጠይቃለች። «የደስታዎ ምንጭ ምንድን ነው?» ስትል «ትዝታ» እላለሁ። «ከምንጩ ጋር ያለዎት ግንኙነት?» ስትል «የለም» እላለሁ። ከዚያ ማንሻው ይለቀቅልኛል።

ትዝታዬ አቶ ኑርዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በኢድ ማግስት ነው። ኑርዬ ሸጋው የሰፈራችን የትኩረት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ተመርጦ ነበር። ያን ጊዜ አምባር ገና አልመጣም፤ ሰው ስልኩን እያየ መኪና ሥር ስለሚገባ ኮሚቴው ሰልፍ አዘጋጀ። ኑርዬ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ «እያዩ ይራመዱ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ከፊት ወጣ። ሰዉ አጨበጨበለት። በጭብጨባው ደስ አለው። ደስታው ሲብስበት ሁሉም ሰሌዳውን እንዲያይለት ወደ ሕዝቡ ዞረና የኋሊት መሄድ ጀመረ። አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል በጥሩ ሁኔታ ሄደ። አሥራ ሦስተኛው ላይ የለም። ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገባ። ከመሬት በላይ የቀረው ሰሌዳው ብቻ ነበር፣ ያውም ሳይዘነብል፣ ቀጥ ብሎ፦ «እያዩ ይራመዱ»።

ያን ሁሉ ሰው ይሉኝታ ያዘው። የሳቀው አንድ ሰው ነው። እኔ ነኝ። መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ኑርዬ ከቦዩ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው የእኔን ጥርስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አይለኝም። እኔም አልለውም። በቀብር እንኳ ተራርቀን ነው የምንቆመው።

እንግዲህ በዚህ ተሳስቀን፣ ይቅርታ፣ ስቄ ብቻዬን አሥር ዓመት ኖርሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ልጄ ረምላ ከሥራ ስትመጣ ጎኔ ቁጭ አለችና «አባዬ፣ ሰው አለ» አለችኝ። አምባሯ ላይ ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ አየሁ። «ጥሩ ነው፣ ማን ይባላል?» አልኋት። «አንዋር» አለች። «አንዋር ማን?» አልሁ። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። «አንዋር ኑርዬ» አለች በመጨረሻ። «ሐሙስ ሽማግሌ ይልካሉ። እባክህ አባዬ፣ ፊትህን እንዳታጠቁርብኝ።»

ፊቴ ድሮም ጥቁር ነው አልኋት። አልሳቀችም።

ሐሙስ ጠዋት ሰባ አንድ አስመዝግቤ ገባሁ፤ በሰው ፊት ነውር እንዳይሆን ሌሊቱን ሙሉ አስቤበት ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፒያሳ ጣቢያ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ሲሳፈሩ በካሜራው አየሁ። ሼህ ቶፊቅን አወቅኋቸው፣ መምሬ አስናቀን አወቅኋቸው። ሦስተኛው ሐጂ ጀማል መሆን አለባቸው፤ ጉንፋን ይዟቸዋል ተብሎ ስለነበር እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ቤቴ ከጣቢያው ጀርባ ነው። ረምላ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ከአክስቷ ጋር ለእንግዶቹ ምግብ እያዘጋጀች ነው።

ማንሻውን ገፋሁ። ሳጥኑ ተነሳ። እኔም እንደ ወትሮው ደስታዬን ለማጽናት ትዝታዬን ጠራሁ፤ ነጭ በነጭ፣ ጭብጨባ፣ የኋሊት እርምጃ፣ ቦይ። ነገር ግን ቦዩ ውስጥ የገባው ሰውዬ በዚህ ቀን ባዳ አልሆነልኝም። የልጅ ልጆቼ አያት ሆኖ ታየኝ። አንድ ትንሽ ልጅ ቦዩ ጫፍ ላይ ቆሞ «አያቴ ወደቀ» እያለ ሲያለቅስ ታየኝ። አምባሬ ስድሳ አራት አለ። ስድሳ አንድ አለ። ሃምሳ ዘጠኝ ሲል ማንሻው ተቆለፈ፤ ሳጥኑም ከገደሉ በላይ፣ ልክ መሀል ላይ፣ ቀጥ አለ።

«ውድ ይመር» አለች ወይዘሪት ትኩረት፣ «ፈገግታዎ የት ሄደ?»

ተሳፋሪ አየር ላይ ሲቀር የድምፅ ማጉያው በራሱ ይከፈታል፤ ተሳፋሪው የነጂውን ስሜት የማወቅ መብት አለው ይላል ደንቡ። ሳጥኑ ውስጥም የእኔን ቁጥር የሚያሳይ ትልቅ ሰሌዳ አለ።

«ይመር፣ ምን ሆንን?» አሉ ሼህ ቶፊቅ።

«ንፋስ ነው ሼህ። አሁን ያልፋል።»

«ንፋስ ነው ይላል» አሉ መምሬ አስናቀ፣ «እዚህ ግን አርባ ዘጠኝ ይላል።»

አርባ ደቂቃ አለኝ። አርባ ደቂቃ ከሞላ ተጠባባቂው ሞተር ይነሳና ሳጥኑን ወደ ፒያሳ ይመልሰዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተሳፋሪው ይሳደባል፣ እኔም ደብዳቤ ይጻፍብኛል፣ በቃ። በእኛ ወግ ግን ለጋብቻ የወጣ ሽማግሌ መንገድ ላይ ከተመለሰ ነገሩ አበቃ። ሁለተኛ አይላክም። እንቢ ያለ የለም፣ የተጣላ የለም፣ ግን አበቃ።

ያን ጊዜ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ልደብቀው አልችልም። ምንም ማድረግ አያስፈልገኝም ነበር፤ ማኩረፍ ብቻ። ይህን ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅበት የለም። አርባ ደቂቃ አኩርፌ ብቀመጥ ረምላ ቤቴ ትቀራለች፣ ከኑርዬ ጋርም አንዛመድም፣ ጥፋቱም የማሽን ነው። ወንበሬን አስተካክዬ ክንዴን አጣጥፌ ተቀመጥሁ። ሃያ አንድ ደቂቃ አኮረፍሁ። ወይዘሪት ትኩረት መሀል ላይ የፍየል ግልገሎች ሲዘሉ የሚያሳይ ፊልም ብትከፍትልኝም ፊቴን አዞርሁ።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ረምላ ናት።

«አባዬ! ምድጃው እንቢ አለኝ!»

«ምን ሆነሽ?»

«ዘጠና ሦስት ነኝ! ከጠዋት ጀምሮ ከዘጠና አልወርድም አልሁ። አክስቴም አይታኝ ስትስቅ እሷም ሰማንያ ዘጠኝ ገባች። ምስሩም ሽሮውም ጥሬ ነው፣ ለመምሬ ያሰብሁት የጾም ምግብ ሁሉ ጥሬ ነው። እባክህ አንድ የሚያስከፋ ነገር ንገረኝ። ትንሽ ብቻ፣ ሰማንያ አምስት እስክገባ።»

የሚያስከፋውማ ምላሴ ላይ ነበር። ሽማግሌዎችሽ ገደል ላይ ተንጠልጥለዋል፣ ያንጠለጠላቸውም የአባትሽ ኩርፊያ ነው ብላት ሃያ ትገባ ነበር። አፌን ከፈትሁ። ግን ድምፅዋን እንደዚያ ሆኖ ስሰማው እናቷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። አፌን ዘጋሁ። ያን ቃል መዋጥ ትልቅ እንክብል ያለ ውኃ ከመዋጥ ብሶብኝ ነበር፤ ቢሆንም ዋጥሁት።

«የክረምት ካፖርትሽን ብል በልቶታል» አልኋት።

«ውይ! ቡናማውን?»

«ቡናማውን። ሁለቱንም እጅጌ።»

«ውይ አባዬ...» አለችና ትንሽ ቆየች። «ወረደ! ሰማንያ አራት! ተለኮሰ! ጎበዝ አባቴ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ድምፅ ማጉያው ለካ ክፍት ነው።

«ይመር» አሉ ሼህ ቶፊቅ፣ «እውነት ብል በልቶታል?»

«አልበላውም ሼህ።»

«እንግዲያው መልካም ውሸት ነው» አሉ። መምሬም ተስማሙ።

አሥራ ስምንት ደቂቃ ቀርቷል። ማኩረፌን ተውሁ፤ አሁን ግን መሳቅ አቃተኝ። ወይዘሪት ትኩረትን ለመንኋት። «የደስታዎን ምንጭ በድምፅ ይተርኩ» አለች፣ «ሲተርኩት ደስታዎ ሊነቃ ይችላል።» በሰው ፊት አይተረክም አልኋት። ሌላ መንገድ የለም አለችኝ። ሼህ ቶፊቅም «ተርክ ወንድሜ፣ እኛም ብርድ ላይ ነን» አሉ።

ተረክሁ። ስሙን ሳልጠራ፣ አንድ ሰውዬ ነበር ብዬ ጀመርሁ። ነጭ ልብሱን፣ ሰሌዳውን፣ ጭብጨባውን፣ የኋሊት እርምጃውን ነገርኋቸው። አምባሬ ሃምሳ አራት፣ ሃምሳ አምስት ማለት ጀመረ። «ከዚያ እንደ ጅል ቦዩ ውስጥ...» ስል ሳጥኑ ውስጥ ጩኸት ተነሳ።

«ክዳኑን ሰው አንስቶት ነበር!»

የሐጂ ጀማል ድምፅ አይደለም። በካሜራው ሳይ ሦስተኛው ሰውዬ ጋቢውን ከፊቱ ገፎ ቆሟል። ኑርዬ ነው።

«ዝም በል ብለንህ አልነበር?» አሉ መምሬ አስናቀ። የልጁ አባት ራሱ ሽማግሌ ሆኖ መምጣቱ በእኛ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ኋላ እንደነገሩኝ ሐጂ ጀማል በጉንፋን ደስታቸው ወደ ሠላሳ ወርዶ ከቤት እንዳይወጡ ታገዱ፤ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት አይሆንም፣ ሌላ ሰው ለመፈለግም ጊዜ አልነበረም። ኑርዬ ተከናንቦ ሊመጣና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሊመለስ ምሎ ነበር። ስለ ቦዩ ክዳን ሲነሳ ግን አልቻለም።

አምባሬ ሠላሳ አንድ አለ። ከሐፍረት ነው።

«እና በየጠዋቱ በእኔ ነው የምትስቀው?» አለ ኑርዬ።

«በየጠዋቱ።»

«አሥራ አንድ ዓመት!»

«እንግዲህ ዓርብ ዓርብ አልሠራም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ያን ቀን ስንት ሺህ ሰው ነበረ? ጠላቶቼ እንኳ ነበሩ። አንተ ብቻ! ምን አድርጌህ ነው?»

ምንም አላደረገኝም። ይህን መናገር ነበረብኝ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መናገር ነበረብኝ። «ኑርዬ» አልሁ፣ «ሚስቴ ዘሃራ ከሞተች ሠላሳ ሰባተኛ ቀኗ ነበር። ሰው እየገፋኝ ነው ከቤት የወጣሁት። ሁለተኛ የምስቅ አይመስለኝም ነበር። አንተ ስትገባ... አላውቅም፣ ወጣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ስከፋ የምጠራው እሱን ነው። ሌላ ደስታ የለኝም። ይሄን ማሽን አሥር ዓመት ያንቀሳቀስኸው አንተ ነህ።»

ገመዱ ሲንቋቋ ይሰማኛል። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷል።

«ሠላሳ ሰባተኛ ቀኗ ነበር?» አለ ኑርዬ።

«አዎ።»

«አልነገሩኝም።»

«እኔም አልነገርሁህም።»

«እንግዲያው» አለ ኑርዬ፣ «አበላሽተህ ነው ስትተርከው የኖርኸው። አንተ ያየኸው ላይ ላዩን ነው። እስቲ ቦዩ ውስጥ የነበረውን እኔ ልንገርህ።»

«ንገረኝ።»

«ስወድቅ ለስላሳ ነገር ላይ ወደቅሁ። ምንድን ነው ብዬ በጉልበቴ ስነካው ሞቀኝ። በግ ነው።»

«ምን በግ?»

«የራሴ በግ! የኢድ ለታ ጠዋት አምልጦኝ ሰፈሩን ሙሉ የፈለግሁት በጌ! እኔን ሲያየኝ ምን እንደመሰለ ታውቃለህ? የታዘበኝ ነው የመሰለው። ተያየን። ውጣ እንዳልለው እኔም ገብቻለሁ። ኮሚቴው ደግሞ ምንም ቢፈጠር ሰሌዳው እንዳይወርድ ብሎኛል፣ ስለዚህ ሁለት እጄ ላይ ነው። በጉ እጆቼ መያዛቸውን ሲያይ ከኪሴ ንግግሬን አወጣና መብላት ጀመረ። አራት ገጽ! እየበላ ዓይን ዓይኔን ያየኛል!»

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ አስናቀ ናቸው። ከዚያ ሼህ ቶፊቅ። ከዚያ ኑርዬ ራሱ፣ ያ ቀጥ ያለ ሰውዬ፣ ጉልበቱን እየመታ። እኔ ሃምሳ ስምንት፣ ሰባ፣ ሰማንያ ደረስሁ። ማንሻው ተለቀቀ! ልይዘው እጄን ስዘረጋ ኑርዬ «የመጨረሻውን ገጽ ግን አልወደደውም፣ ተፋው» አለ፣ እኔም ማንሻውን ሳልይዝ ከወንበሬ ወደቅሁ። ዘጠና ሰባት። ማንሻው እንደገና ተቆለፈ።

«ውድ ይመር፣ ፈንጠዝያ ላይ ነዎት» አለች ወይዘሪት ትኩረት። «እንዲረጋጉ መመሪያ ይነበብልዎታል።» ለፈነጠዘ ሰው ከመመሪያዎች ሁሉ ደረቁ ተመርጦ ይነበባል። «የቦይ ክዳን አሠራር መመሪያ። አንቀጽ አንድ፣ ማንኛውም ቦይ ክዳን ሊኖረው ይገባል።»

«አላልኋችሁም?» ብሎ ጮኸ ኑርዬ። ሳጥኑ በሳቅ መወዛወዝ ጀመረ።

«አንቀጽ ሁለት፣ በቦይ ውስጥ እንስሳትን ማሳደር የተከለከለ ነው።»

ዘጠና ዘጠኝ። መሬት ላይ ተጋድሜ ትንፋሽ አጣሁ። አምስት ደቂቃ ቀርቷል፣ ሰዓቱን አያለሁ፣ አውቃለሁ፣ ግን ልሰበሰብ አልቻልሁም። ዓይኔ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የጫማዬን ክር ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያል። አዋቂዎቹ ለካ እውነታቸውን ነው። ሁሉንም እያየሁ፣ ማንሻው ግን የት እንዳለ ጠፋኝ።

ሼህ ቶፊቅ እንደምንም ሳቃቸውን ዋጡ። «አስናቀ» አሉ፣ «ይሄን ሰው የሚያበርደው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንነሳ።»

ሦስቱም ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ካሜራው ፊት በተርታ ቆሙ፤ እኔ ቤት ሊቆሙት እንደነበረው ቆሙ።

«ወንድማችን ይመር» አሉ ሼህ ቶፊቅ በሌላ ድምፅ፣ «እግራችን ያለ ጉዳይ አልመጣም። እናቷ ዘሃራ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ብትኖር ለሁለታችሁ እንናገር ነበር። ልጅህን ረምላን ለልጃችን ለአንዋር እንድትሰጠን ነው የመጣነው።»

ሳቁ ቆመ። ከወለሉ ተነሳሁ። ልጄን በሁለት እጄ ይዤ ጥርስ ስታበቅል ያየሁ ሰው ነኝ። ጸጉሯን መጎንጎን ከጎረቤት ተምሬ፣ አጣምሜ ጎንጉኜ ትምህርት ቤት የሸኘሁ ሰው ነኝ። ደስ አለኝ፤ ከፋኝም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጡብኝ፣ አንዱም አንዱን አልገፋውም። ዘጠና። ሰማንያ ሁለት። ሰባ አራት ላይ ሲደርስ ቆመ። ማንሻው ተለቀቀ። ገፋሁት።

ሳጥኑ አልነቃነቅ አለ። «ተሳፋሪዎች ቆመዋል» አለች ወይዘሪት ትኩረት። «እባክዎ ያስቀምጧቸው።»

«ተቀመጡ እንጂ!» አልሁ።

«መልሱን ሳንሰማ?» አሉ ሼህ ቶፊቅ። «እንዴት ተደርጎ?»

ትክክል ናቸው። ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም። አባት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ሂዱና ተመለሱ፣ ከዘመድ ልማከር እያለ ሦስት ጊዜ ያመላልሳል። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን ለማስወጣት የቸኮለ ይመስላል። አባቴ እንደዚያ አላደረገም፣ የአባቴ አባትም አላደረገም።

«ሁለት ደቂቃ ቀርቷል» አለ ኑርዬ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። ቆሞ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያ ሰውዬ ለልጁ ብሎ መከናነቡን አስቡት። ለእኔ ብሎ በግ እንዴት ንግግሩን እንደበላበት በሰው ፊት ማውራቱን አስቡት።

«ሰጥቻለሁ» አልሁ። «ይዛችኋት ደስ ይበላችሁ። አሁን ተቀመጡልኝ!»

ሦስቱም እኩል ቁጭ አሉ። ሳጥኑ ተነሳ።

በሕይወቴ እንደዚያ ሐሳቤ ተሰብስቦ አያውቅም። ገመዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መጋጠሚያ ሰማሁት። ጉሙ ከግራ ሲመጣ ማንሻውን ጥፍር ታህል ቀነስሁ። ቁጥሬ ሰባ አራት ላይ ተተክሎ ቀረ። ሳጥኑን ጣቢያው ላይ ሳስጠጋው አንድ ጊዜ እንኳ አልተንገጫገጨም።

ወግ ወግ ነውና ወጥቼ ፊቴን አጠቆርሁ። «ደህና መጣችሁ፣ ምን እግር ጣላችሁ?» አልሁ። «እንዲያው ስናልፍ ነው» አሉ ሼህ ቶፊቅ። መምሬ አስናቀ አንገታቸውን ሲያስረዝሙ ስላየሁ አምባሬን በእጅጌዬ ሸፈንሁት።

ኑርዬ ከሁሉ በኋላ ወጣ። በሳጥኑና በጣቢያው መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት አለ። እሱ ግን እኔን ነው የሚያየው።

«ክፍተት አለ» አልሁና እጄን ዘረጋሁለት። «እያየህ ተራመድ።»

ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ እጄን ያዘ። እሱ ሲስቅ እኔም አልቻልሁም፤ እጅጌዬ ሥር አምባሩ ዘጠና አንድ ብሎ ጮኸ፣ ወይዘሪት ትኩረትም ኬብል መኪናውን ለቀሪው ቀን ዘጋችው።

ረምላ ምስሩን አሳርራው ነበር፤ በሰማንያ አራት እንኳ ሐሳቧ ምድጃው ላይ አልነበረም። በልተን ስናበቃ ሽማግሌዎቹ በእግር መውረድ ግድ ሆነባቸው። ሸኘኋቸው። ከጦሳ እስከ ፒያሳ ዘጠኝ ቦይ አለ። በዘጠኙም ላይ የኑርዬን ክንድ ያዝሁ። ሰባቱ ክዳን አላቸው።

በማግስቱ ዓርብ ስለነበር ቅዳሜ ጠዋት ነው ሥራ የገባሁት። ማንሻውን ልይዝ ስል እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ።

«የደስታዎ ምንጭ ምንድን ነው?»

«ያው የድሮው ነው።»

«ከምንጩ ጋር ያለዎት ግንኙነት?»

«ዘመዴ ነው» አልኋት።